ስም ጥሪና ስኳር፦ 10ኛው የአብዮት በዓልና የመሪ አምልኮ ከባሕር ዳር ሲታዩ

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ስለተከበረው 10ኛው የአብዮት በዓል ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው አዲስ አበባን ይዞ ነው፤ አብዮት አደባባይን፣ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ግዙፍ ምስሎች፣ የሰልፉን ብዛት። እዚህ የምንመረምረው ያንኑ በዓል ነው፤ የቆምንበት ቦታ ግን ጣና ዳር ነው። የመሪ አምልኮ የሚሰናዳው ዋና ከተማ ላይ ነው። በምን ጉልበት እንደሚንቀሳቀስ የሚታወቀው ግን ወደ አውራጃና ወደ ቀበሌ ሲወርድ ነው።

ጥያቄያችን አንድ ነው። የጓድ መንግሥቱ ኃይለማርያም ፎቶ በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ግድግዳ እንዲሰቀል፣ ነዋሪውም ከሥሩ ቆሞ ግራ እጁን ጨብጦ መፈክር እንዲያሰማ ያደረገው ምንድን ነው? አንዳንዱ እምነት ነው ይላል፤ ሌላው ፍርሃት ነው ይላል። ሁለቱም ነበሩ። ሥራውን በየሳምንቱ ያስኬደው ግን መዝገቡ ነው፤ የስብሰባው ስም መጥሪያና የኅብረት ሱቁ ካርድ በአንድ ቢሮ፣ በአንድ ኮሚቴ እጅ መዋላቸው።

ከተማዋና መዝገቦቿ

በ1977 መባቻ ባሕር ዳር የክፍለ ሀገር መቀመጫ አልነበረችም። የጎጃም ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ባሕር ዳር በሥሩ ያለች የአውራጃ ከተማ ነች። የምዕራብ ጎጃም መቀመጫ የሆነችው የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ከታወጀ በኋላ አስተዳደሩ እንደገና ሲከፋፈል ነው። ይሁን እንጂ ከብዙ የአውራጃ ከተሞች የላቀ ነገር ነበራት። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተገነባው ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. ተከፍቷል። የመምህራን ማሠልጠኛው ተጨምሮበታል። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ባለቤቱን አጥቶ ቆሟል።

ወዛደር፣ ተማሪና ገበሬ በአንድ ቦታ የሚገኙባት እንዲህ ያለች ከተማ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ የተመቸች ናት። ሁሉም በየአገር አቀፍ ማኅበሩ ነው፤ ሠራተኛው በመኢሠማ፣ ሴቶቹ በአኢሴማ፣ ወጣቱ በአኢወማ፣ የዙሪያው አራሽ በመኢገማ ታቅፏል። ከእነዚህ ያመለጠ ቢኖር ቀበሌ አለ፤ በሐምሌ 1967 በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተቋቋመው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ማንንም አያልፍም። እንግዲህ አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ በሦስት መዝገብ ልትገባ ትችላለች፤ በፋብሪካው ማኅበር፣ በሴቶች ማኅበርና በቀበሌዋ። ለአንድ ሰልፍ ሦስት ጥሪ ይደርሳታል። የምትሰለፈው ግን ከአንዱ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ሦስቱ ኮሚቴዎች አስቀድመው ካልተነጋገሩ በሁለቱ መዝገብ «ቀሪ» ተብላ ትጻፋለች። ሰው ሁለት ጊዜ የሚቆጠረውም፣ ሳይበድል የሚቀጣውም በዚህ መንገድ ነው። የሰልፈኛ ቁጥር ሲነበብ ይህንን ማሰብ ያስፈልጋል፤ የየማኅበሩ ሪፖርት ተደምሮ ሲመጣ ከተማው ካለው ሰው በላይ ቢወጣ አያስገርምም።

ጎጃም ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የደርግ ትልቁ የፖለቲካ ሀብት የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ነው። ደቡብ ውስጥ ጭሰኛ ለነበረው ገበሬ አዋጁ መሬት ሰጥቶታል፤ መሪውን ቢያመሰግን የሚያመሰግንበት ምክንያት አለው። የጎጃም አራሽ ግን ባለ ርስት ነበር። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት መሣሪያ አንሥቶ የተዋጋ አገር ነው። «መሬት ላራሹ» ለእሱ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን በርስቱ ላይ የመጣ ነገር ሆኖ ተሰማው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ አምልኮው ምስጋናን መሠረት አድርጎ ሊቆም አይችልም ነበር። ሌላ መደገፊያ ያስፈልገው ነበር።

ናሙናው ከየት መጣ

የመሪ አምልኮ በየአገሩ እንደ አዲስ አይፈለሰፍም፤ አንዱ ከሌላው ይቀዳዋል። ሞስኮ በስታሊን ዘመን ዋናውን ቅጂ አዘጋጀች፤ ክሩሽቾቭ ደግሞ በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ20ኛው የፓርቲ ጉባኤ አወገዘው። ከዚያ ወዲህ የመሪ አምልኮ ትምህርት ቤቷ ፒዮንግያንግ ሆነች። የሩማንያው ቻውሼስኩ በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቻይናንና ሰሜን ኮሪያን ጎብኝተው ሲመለሱ የባህልና የፕሮፓጋንዳ ሥራቸውን በዚያ መልክ ቀየሩ። መንግሥቱ ኃይለማርያምም ኪም ኢል ሱንግን ጎብኝተው ያዩትን ወደዱት።

ሶቭየቶች ከአዲስ አበባ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር። ሲወተውቱ የነበሩት ፓርቲ እንዲቋቋም ነው፤ ሰውዬው ቢሄድ የሚቀር ድርጅት። በታኅሣሥ 1972 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ባጭሩ ኢሠፓአኮ፣ ተቋቋመ። ፓርቲው ራሱ፣ ኢሠፓ፣ ለመወለድ ወደ አምስት ዓመት ፈጀበት። መሥራች ጉባኤው ከጳጉሜን 1 እስከ 5 ቀን 1976 ተካሂዶ 136 አባላት ያሉት ማዕከላዊ ኮሚቴና 11 አባላት ያሉት ፖሊት ቢሮ ሲሰየም፣ ከላይ ያሉት ወንበሮች በአብዛኛው የደርግና የጦሩ ሰዎች ሆኑ፤ ዋና ፀሐፊውም የደርጉ ሊቀመንበር መንግሥቱ። ሰውዬውን ይገታል የተባለው ድርጅት የሰውዬው ማዕረግ ማራዘሚያ ሆኖ ቁጭ አለ።

የበዓሉን ጌጥ የሠሩት ሰሜን ኮሪያውያን ናቸው። ቅስቶቹ፣ ኮከቦቹ፣ ማጭድና መዶሻው፣ ግዙፎቹ የቁም ምስሎች በእነሱ ባለሙያዎች ምክርና እጅ ተሰናዱ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው 50 ሜትር ርዝመት ያለው የትግላችን ሐውልት በእነሱው እገዛ ተሠርቶ ለዚያ በዓል ተመረቀ። የፓርቲው ባለሥልጣናት የለበሱት ባለ ኮሌታ ሰማያዊ የደንብ ልብስም ከዚያው የመጣ ነው። በሰልፉ ጊዜ ሊቀመንበሩ ለብቻቸው የሚቀመጡበት የወርቅ ቅብ ወንበር ግን የኮሪያም የሩሲያም አይደለም። ንጉሥ ያወረደ አብዮት መሪውን የንጉሥ ወንበር ላይ ሲያስቀምጥ ያየ የጎጃም ሽማግሌ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ለማስታወስ ካድሬ አያስፈልገውም።

ያልተቀዳው

የኢትዮጵያውን አምልኮ ከፒዮንግያንጉ ጋር እኩል የሚያደርጉ ጽሑፎች አንድ ነገር ይስታሉ። የቀዱት ላዩን ብቻ ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲስ ብር ሲያወጣ የመሪ ፊት አላተመበትም፤ የቀድሞዎቹ ኖቶች የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ነበረባቸው። በሳንቲሞቹ ላይ አንበሳ ተቀረጸ። በአንድ ብር ኖት አንድ ገጽ ላይ የሚታየው ጢስ ዓባይ ነው። የባሕር ዳር ሰው ኪሱ ውስጥ ይዞት የሚዞረው የሊቀመንበሩን ፊት ሳይሆን የራሱን ፏፏቴ ነበር። የመሪ ምስል በሰው ደረት ላይ በግዴታ አልተለጠፈም፤ በየሳሎኑ እንዲሰቀል የሚያስገድድና የሚፈትሽ የኮሪያው ዓይነት ሥርዓትም አልነበረም።

ቤተሰባዊ ገጽም አልነበረውም። ኪም ልጃቸውን ለወራሽነት አዘጋጁ፤ ቻውሼስኩ ባለቤታቸውን ከጎናቸው አቆሙ። የመንግሥቱ ባለቤት ወይዘሮ ውባንቺ ቢሻው በአደባባይ እምብዛም አይታዩም ነበር። በመንግሥቱ ስም የሚጠራ ፍልስፍናም የለም። ማኦ ቀዩ መጽሐፍ፣ ኪም ጁቼ ነበራቸው፤ በየውይይት ክበቡ የሚነበበው ግን የማርክስና የሌኒን ትርጉም፣ የሠርቶ አደር ጋዜጣና የሊቀመንበሩ ንግግር ነው። ንግግር ደግሞ ያረጃል። በጥር የተነበበው በሰኔ ከተለወጠ ፖሊሲ ጋር ሲጋጭ የክበቡ መሪ ጭንቅ ውስጥ ይገባል፤ ያለው አማራጭ የድሮውን ሳያነሣ አዲሱን ማንበብ ነው።

ስለዚህ አምልኮው ቤት ውስጥ አልገባም፤ ግድግዳ፣ አደባባይና ሬዲዮ ላይ ቀረ። ቤት ውስጥ ያልገባ ነገር ደግሞ ሰውን ከቤቱ እያወጡ ካላሳዩት በቀር አይታይም። ለዚህ ነው ስብሰባና ሰልፍ ይህን ያህል የበዛው።

ትእዛዙ እንዴት ይወርዳል

መፈክር የሚጻፈው ላይ ነው። ቃሉ ተቆርጦ ከማዕከል ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገር ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ከፍተኛ (የበርካታ ቀበሌዎች የበላይ) እና ወደ ቀበሌ ይወርዳል። ታች ያለ ካድሬ ቃል መጨመርም መቀነስም አይፈቀድለትም፤ ደግሞም አይፈልግም። የራሱን ቃል ከጨመረ ኃላፊነቱ የራሱ ይሆናል። በበዓሉ የሚሰማው ነገር ከአስመራ እስከ ሞያሌ አንድ ዓይነት የሆነው ሕዝቡ አንድ ልብ ስለነበረ ሳይሆን ካድሬው ጥንቁቅ ስለነበረ ነው።

የማዕረግ አጠራሩም እንዲሁ ነው። የሬዲዮ ዜና ሊቀመንበሩን በስም ብቻ አይጠራም። «የጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሊቀመንበር፣ የኢሠፓአኮ ሊቀመንበርና የአብዮታዊ ጦር ሠራዊት ጠቅላይ አዛዥ ጓድ መንግሥቱ ኃይለማርያም» ይባላል፤ 16 ማዕረግ ነክ ቃላት ካለፉ በኋላ ስሙ ይመጣል። በአንድ ዜና ውስጥ ሦስት ጊዜ ከተነሡ፣ ዜናው ራሱ የሚያወራውን ከመናገሩ በፊት ጊዜው ያልቃል። አድማጩም ማዕረጉ እስኪያልፍ ድረስ ጆሮውን ማሳረፍ ይለምዳል። ቃል ሲደጋገም ያሳምናል የሚሉ አሉ፤ በእኛ አገር ሬዲዮ ግን ድግግሞሹ ያስተማረው አለመስማትን ይመስለናል። ከ1975 መግቢያ ጀምሮ ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ክፍል ይሰማ ነበር፤ ከእሱ ቀደም ብሎ የጀርመን ድምፅ ነበረ። ሰው ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን የሚያስጠጋው ለእነዚህ ነው።

አሁን ወደ ቀበሌው እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። የስብሰባ ጥሪ በድምፅ ማጉያ እየተለፈፈ በየሰፈሩ ይዞራል። በተባለው ሰዓት ስም ይጠራል፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይደገማል፣ ሰው አቤት ብሎ ሹልክ እንዳይል። የቀረ ሰው የሐኪም ወረቀት ወይም ለቅሶ ማስረዳት አለበት። ማስረጃ ከሌለው ቅጣት አለ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን ሌላው ነው። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ጋዝ በመንግሥት ዋጋ የሚገኙት በቀበሌው ኅብረት ሱቅ በቤተሰብ ካርድ ነው። መታወቂያ የሚያወጣው፣ የመሸኛ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ የቀበሌ ቤት የሚያከራየው፣ በፍርድ ሸንጎው የሚዳኘው ያው ቀበሌ ነው። ስለዚህ ስብሰባ የቀረች እናት የምትፈራው እስር ቤትን አይደለም። የምትፈራው በወሩ መጨረሻ ሱቅ ስትሄድ «ሊቀመንበሩን አነጋግሪ» መባልን ነው። ይህ ሊቀመንበር አዲስ አበባ ያለው አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ነው።

ፍርሃቱ ከኋላ አለ። በ1969 እና በ1970 የነበረውን ቀይ ሽብር ከተማው አልረሳም፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዱ ጠመንጃም ከቀበሌው ጥግ አልጠፋም። በ1977 ግን ያንን በየቀኑ ማሳየት አያስፈልግም ነበር። ስኳሩ ይበቃል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው የስብሰባ ሥርዓት ሆነ፤ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ እጅ አውጡ ሲባል እጁን ያወጣል፣ ካርዱ እንደተጠበቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የበዓሉ ቀን አቆጣጠርም ራሱን የቻለ ችግር ነበር። መስከረም 2 የእንቁጣጣሽ ማግሥት ነው። ዝግጅቱ፣ ልምምዱና ስብሰባው ጳጉሜን ላይ ወደቀ፤ ሴቱ ጠላ የምትጠምቅበት፣ ቤት የሚለቀለቅበት፣ ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ብሎ ሰው ዝናብ የሚጠመቅበት ጊዜ። ለ10 ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የአብዮቱ ቀን ከአዲስ ዓመት ተለይቶ የራሱን ስሜት ማግኘት አልቻለም። ፓርቲው ይህንን እንደ ጥቅም ያየው ይሆናል፤ የደስታው ቀን አስቀድሞ ተዘጋጅቶለታል። የነዋሪው ሒሳብ ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ከዓመት በዓሉ ላይ አንድ ቀን ተወሰደበት።

ጨርቁ፣ ቀለሙ፣ ፊቱ

አንድ መፈክር እንውሰድ፦ «ከአብዮታዊ መሪያችን ከጓድ መንግሥቱ ኃይለማርያም ጋር ወደፊት!» 32 ፊደል ነው። ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ እያንዳንዱ ፊደል 25 ሳንቲ ሜትር ወርድ ቢሰጠው፣ በቃላቱ መካከል ያሉት 6 ክፍተቶችም ያንኑ ያህል ቢይዙ፣ ጽሑፉ ብቻ 9 ሜትር ተኩል ይሆናል። ጫፍና ጫፉ ላይ ለገመድ ግማሽ ግማሽ ሜትር ሲተው 10 ሜትር ተኩል አቡጀዲ ነው። ይህ አንድ መፈክር ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ይህ ብዙ ላይከብዳት ይችላል፤ ወረዳ ላይ ያለ ቀበሌ ግን ለልብስ የሚታደል አቡጀዲ በካርድ በሚሸጥበት ዘመን ይህን ያህል ጨርቅ ከመዋጮ ማውጣት አለበት።

የሚበላሸው ምን እንደሆነ የሰቀለ ሰው ያውቀዋል። ቀን ቀን ከጣና ወደ ከተማው የሚነፍሰው ነፋስ መንገድ አቋርጦ የተወጠረን ጨርቅ እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋዋል፤ ገመዱ ካልተበጠሰ ጨርቁ ይቀደዳል። መፍትሔው በፊደላቱ መካከል የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ቀዳዳ እየቀደዱ ነፋስ ማሳለፍ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም በጳጉሜን ዝናብ ይወርዳል፤ ቀዩ መደብ ነጩን ፊደል ያጥበዋል። የዘይት ቀለም ይቋቋማል፤ በእርጥበት ወራት ግን ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ሳይደርቅ ከተጠቀለለም ይጣበቃል። ትእዛዙ ዘግይቶ ከወረደ ሰዓሊው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠው የሚደርስለትን ነው።

ከጨርቅ ይልቅ የሚያስጨንቀው ፊት ነው። ትልቅ የቁም ምስል የሚሠራው በካሬ ማጉላት ነው። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ2 ሳንቲ ሜትር ካሬ ሲሸነሸን 150 ካሬ ይወጣዋል፤ 2 በ3 ሜትር የሆነው ሰሌዳ ደግሞ በ20 ሳንቲ ሜትር ካሬ ተሸንሽኖ ካሬ በካሬ ይገለበጣል። ስሕተት የሚገባው ዓይንና አፍ በካሬው መሥመር ላይ ሲወድቁ ነው፤ በ2 ሜትር ፊት ላይ የአንድ ጣት መዛነፍ መሪውን ሸውራራ ወይም አሽሟጣጭ ያደርገዋል። ለሌላ ሰው ሥዕል ይህ ሳቅ ነው። ለዚህኛው ግን ማን እንደሣለው ይጠየቃል። ሰዓሊው ስለዚህ ፊቱን ያለሰልሰዋል፣ ጥላውን ያጠፋል፣ ዕድሜውን ይቀንሳል። የመሪ ምስሎች በየአገሩ ሕይወት አልባ የሚሆኑት ሰዓሊ ጠፍቶ አይደለም፤ ለሰዓሊው ከመምሰል ይልቅ አለማስቀየም ስለሚበልጥበት ነው።

ወደ ላይ የሚወጣው ሪፖርት

እስካሁን ያየነው የሚወርደውን ነው። የሚወጣው ሪፖርት ነው፣ ጉዳቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ቀበሌው «ነዋሪው በነቂስ ወጥቶ ደስታውን ገልጿል» ብሎ ይጽፋል። ከፍተኛው ይደምረዋል፣ አውራጃው ያሳምረዋል፣ ክፍለ ሀገሩ ያጸድቀዋል። በዚህ መሰላል ላይ መጥፎ ዜና የሚጽፍ ሰው የሚያገኘው ነገር የለም፤ የሚያጣው አለ።

በመጋቢት 1976 የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። አገሪቱ መረጃው አልነበራትም ማለት አይቻልም። በዚያው ክረምት ግን የመንግሥት ሲሚንቶ፣ መኪና፣ ጊዜና የባለሥልጣን ጆሮ ለበዓሉ ተሰጥቶ ነበር። ወጪውን ብዙዎች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይገምቱታል። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ረሃቡ የበዓሉ አጀንዳ አልነበረም። ኮረም ላይ የተቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 በቢቢሲ ሲታይ ከሰልፉ 41 ቀን አልፎ ነበር። ከባሕር ዳር በወረታ አድርጎ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ወልዲያን አልፎ ኮረም ከ500 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በዚያ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ ግምት ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይደርሳል።

ጎጃም ራሱ «ትርፍ አምራች» በመባል ተሞግሷል። ሙገሳው ባዶ አልነበረም፤ ኮታ ነበረበት። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ላይ ኮታ ጥሎ በወሰነው ዋጋ እህል ይሰበስብ ነበር፤ በጎጃም የግል ነጋዴው ላይ የነበረው ቁጥጥር ከብዙ ቦታ የጠነከረ ነው። ኮታውን ያልሞላ ማኅበር ችግር ይገጥመዋል፤ ስለዚህ የሌለው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። ሪፖርቱ ላይ ይህ «ኮታው ከዕቅድ በላይ ተሟላ» ተብሎ ይጻፋል። የሰልፈኛውና የእህሉ ቁጥር በአንድ ብዕር፣ በአንድ ዘዴ የተሠሩ ናቸው። የቀበሌውን የሰልፍ ሪፖርት እንደ ቀልድ የሚያይ ሰው ይህንን ሁለተኛውን ማየት አለበት።

ከበዓሉ በኋላ መንግሥት ረሃቡን አምኖ መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ሠፈራ ነው። እስከ 1978 አጋማሽ ድረስ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ተወሰደ። ከባሕር ዳር በስተምዕራብ ያለው ጳዌ ከመቀበያዎቹ አንዱ ሆነ፤ በጣሊያን ገንዘብ የሚካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክትም እዚያው ተተከለ። ጋዜጣው ላይ ትራክተርና አረንጓዴ ማሳ ታየ። ወባውና ከቀዬው ያለ ውዴታው የተጫነው ሰው አልታዩም።

ሲፈርስ

በ1982 ዓ.ም. የካቲት ወር ውስጥ የሆነው ነገር ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያያዘው በቀኖቹ ቅርበት ነው። የካቲት 24 ቀን ባሕር ዳር የነበረው የመንግሥት ጦር ከተማዋን ጥሎ ወጣ፤ ሲወጣም የዓባይን ድልድይ በፈንጂ መታ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ የካቲት 26፣ በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንት የነበሩት መንግሥቱ አዲስ አበባ ላይ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጁ፤ ኢሠፓም ስሙ ተለውጦ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ እንዲሆን ተወሰነ። 10 ዓመት ሙሉ በየውይይት ክበቡ የተነበበው ሁሉ በአንድ ንግግር ተሻረ። ይህን በመቃወም አደባባይ የወጣ የፓርቲ አባል አልታየም። አምኖ የተቀበለ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ አንዱ ይቆጣ ነበር።

ጦሩ ተመልሶ ከተማዋን ያዘ፤ ኢሕአዴግ በየካቲት 1983 በከፈተው የቴዎድሮስ ዘመቻ ግን ጎጃም ከደርግ እጅ ወጣ። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ኃይለማርያም ወደ ዚምባብዌ ሄዱ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ያለው የሌኒን ሐውልት ተገረሰሰ። ፎቶውም ከየግድግዳው ወረደ። ቀበሌው ግን አልወረደም። መታወቂያው፣ መሸኛው፣ ከጊዜ በኋላም የስኳርና የዘይት እደላው በዚያው መዋቅር ቀጠለ። የአምልኮው ተሸካሚ የትኛው እንደነበር ለማወቅ ከሁለቱ የትኛው ያለ ሌላው መኖር እንደቻለ ማየት ነው።

የዚያን ዘመን ወረቀት ለሚመረምር

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ቤቶች ከዚያ ጊዜ የቀሩ ፎቶዎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች፣ ደረሰኞችና የምስክር ወረቀቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ቀን የላቸውም። ዘመናቸውን የሚነግረው የማዕረጉ አጻጻፍ ነው። «ኢሠፓአኮ» የሚል ካለ ከታኅሣሥ 1972 እስከ ጳጉሜን 1976 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። «ዋና ፀሐፊ» እና «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» አብረው ካሉ ከ1977 እስከ 1979 ነው። «ፕሬዚዳንት» ወይም «ኢሕዲሪ» ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው፤ «ምዕራብ ጎጃም» የሚለውም እንዲሁ። «ጎጃም ክፍለ ሀገር፣ ባሕር ዳር አውራጃ» ከሚለው ጋር «ኢሕዲሪ» የሚል ማኅተም ካዩ ቀበሌው የድሮ ወረቀት እየጨረሰ ነበር ማለት ነው፤ ማኅተሙን ይመኑ። በፎቶ ላይ ከሆነ ልብሱን ይዩ፤ ሰማያዊው ባለ ኮሌታ የፓርቲ ልብስ በብዛት የሚታየው ከ10ኛው በዓል ወዲህ ነው። የስም መጥሪያ መዝገብ ያገኘ ሰው ደግሞ ከስሞቹ ይልቅ በዳር ያለችውን ጠባብ ዓምድ ያንብብ፤ «ቀሪ» ከሚለው ጎን የተጻፈው ምክንያትና የተወሰደው እርምጃ ያለው እዚያ ነው። ያንን መዝገብ ለሌላ ሲያሳዩ የሰዎቹን ስም መሸፈን ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ዛሬም በዚያው ሰፈር ይኖራሉ፣ ስም ጠሪውም ጭምር።